ሚትሎፍ ለቤተሰብ ራት፦ ኦቨን ላለውም ለሌለውም

ሚትሎፍ የተፈጨ ሥጋ ከዳቦ፣ ከእንቁላልና ከሽንኩርት ጋር ተለውሶ፣ በኬክ ፎርም ተጋግሮ፣ እየተቆረጠ የሚበላ ምግብ ነው። አሜሪካኖች በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የኢኮኖሚ ቀውስ ጊዜ የሙጥኝ ያሉት ጥቂት ሥጋ ብዙ ሰው ስለሚያጠግብላቸው ነበር። ለእኛም የሚመቸው በዚሁ ነው። አንድ ኪሎ ሥጋ ጥብስ ሲሆን አራት ሰው ከበላው ሳህኑ ይጠረጋል። ሚትሎፍ ሲሆን ስድስት ሰው አጥግቦ ለነገ ቁርስ ይተርፋል።

ኢንተርኔት ላይ ያለው አሠራር ግን እንዳለ ደሴ ላይ ሲሞከር ብዙ ጊዜ ደረቅና የሚፈረካከስ ነገር ነው የሚወጣው። ምክንያቱ ሁለት ነው። አንደኛ፣ አሠራሮቹ የተጻፉት ከ15 እስከ 20 በመቶው ስብ ለሆነ የተፈጨ ሥጋ ነው። ሣር በልቶ ያደገው የእኛ በሬ ቀይ ሥጋው ይህን ያህል ስብ የለውም። ሁለተኛው እሳቱ ነው። ኦቨን ያለው ቤት ጥቂት ነው። ከሥር ብቻ በሚነድ እሳት ከተሠራ ደግሞ ሥሩ ሲያር መሐሉ ጥሬ ይቀራል። ስለዚህ ይህን ምግብ እንደ ጥብስ ሳይሆን እንደ ድፎ ዳቦ አስቡት። እርጥበት ከውስጥ፣ እሳት ከላይም ከታችም። ይህን ከያዛችሁ የቀረው ቀላል ነው።

ሥጋው

ሥጋ ቤት በጠዋት ሂዱ። ሽንጡንና ጭቅናውን ለጥሬና ለክትፎ ተዉት፣ እዚህ መባከን ነው። ለዚህ የሚሆነው ወርች ወይም ፍሪምባ ነው። ጠንከር ይላል፣ ግን ጣዕም አለው፤ ጥንካሬውን ደግሞ ማሽኑ ይጨርሰዋል። 800 ግራም ቀይ ሥጋ፣ 200 ግራም ስብ ወይም ሻኛ አስመዝኑ። ሥጋ ቆራጩ ግር ይለው ይሆናል፤ ለሚፈጭ ሥጋ ሁሉም ሰው "ቀይ ቀዩን" ነው የሚለው። እናንተ "ስብ ጨምርልኝ ወንድሜ" በሉት። ጅማቱንና ሽፋኑን ያውጣላችሁ፤ ከስቡ ጋር አንድ ላይ፣ ዓይናችሁ እያየ፣ ሁለት ጊዜ ይፍጨው። ማሽን ከሌለ በተሳለ ቢላ እንደ ክትፎ አድቅቆ መክተፍም ይቻላል። ክንድ ያደክማል እንጂ ውጤቱ ከማሽኑ አያንስም።

ራቱን የሚበላው ቤተሰብ ከሁለቱም ሃይማኖት ከሆነ፣ ደሴ ላይ ይህ ብርቅ አይደለም፣ ሥጋው ግማሽ ግማሽ ኪሎ ከየሥጋ ቤቱ ይገዛና ሁለት ትንንሽ ሚትሎፍ ይሠራ። ቢላው፣ መክተፊያው፣ ማቡኪያው ሁሉ ለየብቻ ይሁን። ትንሹ ሚትሎፍ ቶሎ ስለሚበስል ጊዜም አያባክንም። ሌላው መላ የሐይቅ ዓሣ ነው፤ ዓሣ መታረድ ስለሌለበት ሁሉም ከአንድ ትሪ ይበላል። የዓሣው አሠራር ግን ራሱን የቻለ ነገር ነው፣ ለሌላ ቀን ይቆይ። ለጾመኛ እንግዳ ደግሞ ሥጋውን በምስር ልተካ ብትሉ እንቁላሉና ወተቱ ያው ፍስክ ነው። ረቡዕና ዓርብን ዝለሉት።

የሚያስፈልገው

ከአንድ ኪሎው የተፈጨ ሥጋ ሌላ፦

- የትናንት ዳቦ፣ ቅርፊቱ ተነሥቶ 100 ግራም ያህል (መካከለኛ ሁለት ዳቦ)
- ወተት፣ ሁለት የቡና ሲኒ (150 ሚሊ ሊትር ገደማ)
- እንቁላል 2
- ትልቅ ቀይ ሽንኩርት 1፣ ነጭ ሽንኩርት 4 ፍሬ፣ ዝንጅብል ትንሽ
- ካሮት 1፣ በደቃቁ የተፈቀፈቀ
- ዘይት ወይም ቅቤ 1 የሾርባ ማንኪያ
- ሳልሳ 1 የሾርባ ማንኪያ
- ጨው 15 ግራም (ሁለት ተኩል የሻይ ማንኪያ ልክ)
- ቁንዶ በርበሬ 1 የሻይ ማንኪያ፣ በርበሬ 1 የሻይ ማንኪያ፣ ኮረሪማ ግማሽ የሻይ ማንኪያ
- የጥብስ ቅጠል፣ አንድ ዘለላ ተከትፎ

ለላዩ ቅብ፦ ሳልሳ 3 የሾርባ ማንኪያ፣ ማር 1 የሾርባ ማንኪያ፣ አቼቶ 1 የሾርባ ማንኪያ፣ አዋዜ 1 የሻይ ማንኪያ። ካቻፕ ብቻውን የሚቀቡ አሉ። ይሆናል፣ ግን ጣፋጭነቱ ይበዛል። ማርና አዋዜ ሲገናኙ ለእኛ አፍ የሚስማማው ይወጣል።

ቅመም አታብዙ። መከለሻ፣ ጥቁር አዝሙድ፣ ድንብላል እያሉ ሁሉን መጨመር ያጓጓል፤ መጨረሻው ግን የደረቀ ወጥ ጣዕም ነው።

ልውሱ

ለማታ አንድ ሰዓት ራት ከአስር ሰዓት ጀምሩ። መጀመሪያ ሽንኩርቱን በጣም አድቅቃችሁ ክተፉና በዘይቱ ወይም በቅቤው አቁላሉት። እንዲቀላ አይደለም፣ እንዲለሰልስ ነው። ነጭ ሽንኩርቱንና ዝንጅብሉን መጨረሻ ላይ ጨምራችሁ አንድ ደቂቃ አማስሉና አውርዱ። ጥሬ ሽንኩርት በቀጥታ ከገባ መሐል ላይ ውኃ ይለቃል፤ ሚትሎፉ ሲቆረጥ የሚፈርሰውም በእሱ ነው። የተቁላላው ደግሞ ሳይቀዘቅዝ ሥጋው ላይ አይደፋ፣ ስቡን ያቀልጠዋል።

ሽንኩርቱ እስኪቀዘቅዝ ዳቦውን ፈርፍራችሁ ወተቱን አፍስሱበት። አሥር ደቂቃ ይቆይና በሹካ ደፍጥጡት፤ ገንፎ ይምሰል። ይህቺን ደረጃ የሚዘል ሰው ብዙ ነው። ደረቅ የዳቦ ዱቄት በቀጥታ ይበትንና "ያው ነው" ይላል። ያው አይደለም። ሥጋ ሲበስል ይኮማተራል፣ ውኃውንም ጨምቆ ያስወጣል። በወተት የራሰ ዳቦ በሥጋው መሐል ገብቶ እንዳይጠብቅ ያደርገዋል፣ የሚወጣውንም ጭማቂ ይይዛል። ደረቁ ዳቦ ግን ያለውን እርጥበት ራሱ ይጠጣዋል። ስብ ለሌለው ሥጋ መድኃኒቱ ይህ ነው። ወተት ከሌለ የሥጋ መረቅ ወይም ውኃም ይሠራል።

በራሰው ዳቦ ላይ እንቁላሉን፣ ሳልሳውን፣ ጨውና ቅመሙን ሁሉ ጨምራችሁ ምቱት። ከዚያ ሽንኩርቱ፣ ካሮቱ፣ የጥብስ ቅጠሉ። ሥጋው የሚገባው መጨረሻ ላይ ነው። እዚህ ላይ እጃችሁን ያዙ! ሊጥ ማሸት የለመደ እጅ ሥጋውንም ማሸት ያምረዋል። ጨው ያለበት ሥጋ በታሸ ቁጥር ግን እርስ በርሱ ይጣበቅና ሲበስል ድርቅ ብሎ ይቀራል። ጣታችሁን ከፍታችሁ፣ ከሥር ወደ ላይ እያነሣችሁ፣ ነጭ ዳቦ ለብቻው መታየቱ እስኪያበቃ ብቻ ደባልቁ። አንድ ደቂቃ፣ ቢበዛ ሁለት። ደሴ ላይ ብርዱ ይረዳል፣ ስቡ ጠንካራ እንደሆነ ይቆያል። ኮምቦልቻ ከሆናችሁ ግን ሥጋውን እስከ መጨረሻው ደቂቃ ፍሪጅ ውስጥ አቆዩት፤ በሙቀቱ ስቡ እጅ ላይ መቅለጥ ይጀምራል።

ጨውን ለማወቅ አንድ ማንኪያ ልውስ ጠፍጠፍ አድርጋችሁ መጥበሻ ላይ ጠብሱና ቅመሱ። ጥሬውን መቅመስ ለእኛ ሰው ምኑም አይደለም፣ አውቃለሁ። እዚህ ውስጥ ግን ጥሬ እንቁላልም አለ። በረመዳን ለአፍጥር የሚሠራ ሰው ደግሞ መቅመስ ላይፈልግ ይችላል፤ ስለዚህ ጨዉን በዓይን ግምት አትጣሉ፣ በሚዛን ወይም ላዩ በተስተካከለ የሻይ ማንኪያ ለኩት። ለአንድ ኪሎ ሥጋ 15 ግራም ብዙም ትንሽም አይደለም።

ልጆች ካሉ ሦስት የተቀቀለ እንቁላል በመሐል ቅበሩበት። የልውሱን ግማሽ ፎርሙ ላይ ዘርጉ፣ የእንቁላሎቹን ሁለት ጫፍ በትንሹ ቆርጣችሁ አያይዛችሁ ደርድሩ፣ በቀረው ሸፍኑ። ሲቆረጥ የመሐሉ ቁራጮች እንቁላል ይደርሳቸዋል። ደሴ ከባሕር ጠለል 2,500 ሜትር ገደማ ከፍ ስለሚል ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ እንቁላሉን ከፈላ በኋላ 13 ደቂቃ ስጡት። ኮምቦልቻ ዝቅ ስለሚል በ94 ገደማ ይፈላል፣ 12 ደቂቃ ይበቃል።

ፎርሙ

23 በ13 ሴንቲ ሜትር የሆነ ረጅም የኬክ ፎርም ለዚህ ልክ ነው። ዘይት ቀቡት። ፎርም ባይኖር ዝቅ ያለ ብረት ድስት ወይም ትሪ ይሆናል፤ በእጃችሁ ሞላላ አድርጋችሁ ቅረጹት። ከፎይል ይልቅ ግን የኮባ ቅጠል ብታገኙ እሱን እመርጣለሁ። ወፍራሙን አከርካሪ አውጡ፣ ቅጠሉን እሳት ላይ ለብለብ አድርጋችሁ አለስልሱት፣ ፎርሙን አልብሱበት። አያጣብቅም፣ ሥሩን ከማረር ይጠብቃል፣ ሽታውም የድፎ ዳቦን ቀን ያስታውሳል።

ልውሱን ስትሞሉ ፎርሙን ጠረጴዛው ላይ ሁለት ሦስት ጊዜ መታ መታ አድርጉት፣ የታፈነ አየር ይውጣ። ላዩን በእርጥብ እጅ አስተካክሉ።

እሳቱ

*ኦቨን ያለው።* በ180 ዲግሪ አስቀድማችሁ ለሩብ ሰዓት አሙቁ። በፎርም ያለው ከ60 እስከ 70 ደቂቃ፣ በእጅ የተቀረጸው ከ50 እስከ 60 ይፈጅበታል። ቅቡን ከመጀመሪያው አትቀቡ፤ ማሩ ያርና ይመርራል። ሊወጣ ሩብ ሰዓት ሲቀረው ቀቡትና መልሱት። የግማሽ ኪሎው 40 ደቂቃ ላይ ይታይ።

*የኤሌክትሪክ ዳቦ መጋገሪያ ያለው።* ያ ክብ፣ ክዳኑም ሥሩም የሚሞቀው መጋገሪያ ለዚህ ሥራ የተፈጠረ ነው ማለት ይቻላል። ኮባ ዘርጉ፣ ልውሱን እንደ ዳቦ ክብ አድርጋችሁ ከ5 ሴንቲ ሜትር በማይበልጥ ከፍታ ጠፍጥፉት። ከፍ ካለ ክዳኑ ይነካውና ላዩ ያርራል። አሥር ደቂቃ አሙቁ፣ አስገቡ፣ ክደኑ። ሙቀቱን የሚቆጣጠር ነገር ከሌለው ከሃያ ደቂቃ በኋላ ለአምስት ደቂቃ አጥፍታችሁ መልሳችሁ አብሩ። 40ኛው ደቂቃ ላይ መፈተሽ ጀምሩ።

*ከሰል ላይ።* ይህ ትዕግሥት ይፈልጋል፣ ግን ጣዕሙ ከሁሉም ይበልጣል። ወፍራም ብረት ድስት ውሰዱ። ሥሩ ላይ ሦስት ጠፍጣፋ ጠጠሮች አስቀምጡና ፎርሙን እነሱ ላይ አሳርፉት፤ የፎርሙ ሥር ከድስቱ ጋር መነካካት የለበትም። በብረት ክዳን ወይም በቆርቆሮ ግጥም አድርጋችሁ ክደኑና በክዳኑ ላይ የጋመ ፍም ዘርጉ። ከላይ የሚበዛው ፍም ነው። ከሥር ጥቂት ይበቃል፣ ምክንያቱም ሙቀት ራሱ ወደ ላይ ይወጣል። የላዩ ፍም አመድ ሲለብስ አራግፉትና በአዲስ ተኩት። ወደ 80 ደቂቃ ገደማ አስቡለት። ክዳኑን ቶሎ ቶሎ አትክፈቱ፤ በተከፈተ ቁጥር ሙቀቱ አመለጠ ማለት ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ። ደሴ ሲበርድ ከሰሉን ይዞ ወደ ቤት የመግባት ልማድ አለን። ከሰል የሚለቀው ካርቦን ሞኖክሳይድ አይሸትም፣ አይታይም፣ ይገድላል። ይህን ሥራ በረንዳ ላይ ወይም ውጭ ማድቤት ሥሩት። ራቱ ሲያልቅም ፍሙን "ይሞቀናል" ብላችሁ መኝታ ቤት አታስገቡ።

መብራት መሐል ላይ ቢሄድስ? ይመጣል ብላችሁ አትጠብቁ። በግማሽ የበሰለ የተፈጨ ሥጋ ለብ ባለ ኦቨን ውስጥ መቀመጡ ከሁሉም የከፋው ነው፣ ለባክቴሪያ ምቹ ሙቀት ያ ነው። ከሰል ካለ ፎርሙን ወደ ብረት ድስቱ አዛውሩ። ከሌለና ጋዝ ካላችሁ ሚትሎፉን በጣት ውፍረት ቆራርጣችሁ መጥበሻ ላይ በሁለቱም ጎን አብስሉት። መልኩ ይጠፋል፣ ራቱ ግን ይደርሳል።

መብሰሉን በምን እናውቃለን?

በሥጋ ቴርሞሜትር ከሆነ መሐሉ 71 ዲግሪ መድረስ አለበት። ኮምቦልቻም ይሁን ደሴ ቁጥሩ አይለወጥም። ቴርሞሜትር ከሌለ ቀጭን ቢላ እስከ መሐሉ ወግታችሁ እስከ አሥር ቁጠሩና አውጡ። የቢላው ጫፍ ለእጅ አንጓ የማያስችል ትኩስ ከሆነ፣ ከቀዳዳው የሚወጣው ጭማቂም ቀይነቱ ጠፍቶ ከጠራ አብዛኛውን ጊዜ በስሏል። ቀይ ጭማቂ ካለ አሥር ደቂቃ ጨምሩለት።

"ለብለብ ይሻላል" የሚል ዘመድ መቼም አይጠፋም። ለክትፎ እንደየፍላጎቱ። የቁርጥ ሥጋ ባክቴሪያው በአብዛኛው ላዩ ላይ ነው፤ ሲፈጭ ግን የላዩ ወደ ውስጥ ይገባል። የኮሶ ትሉም የሚሞተው በሙቀት ነው። በዚያ ላይ ልጆችና ሽማግሌዎች የሚበሉት ምግብ ነው። ሚትሎፍ ለብለብ የለውም።

ከወጣ በኋላ ሩብ ሰዓት ሳይነካ ይቀመጥ። ወዲያው ከተቆረጠ ጭማቂው ሁሉ ትሪው ላይ ይፈስሳል፣ ቁራጩም ይፈርሳል። የደሴ አየር ቶሎ ስለሚያቀዘቅዘው በፎይል ወይም በንጹሕ ፎጣ ሸፈን አድርጉት።

እስከዚያ ለመረቁ ፎርሙ ውስጥ የቀረውን ጭማቂ ወደ መጥበሻ ገልብጡ። ስቡ ከበዛ በማንኪያ ቅነሱ። አንድ የሾርባ ማንኪያ የፉርኖ ዱቄት ጨምራችሁ አማስሉ፣ አንድ ብርጭቆ ውኃ ቀስ በቀስ አፍስሱ፣ እስኪወፍር ይንተክተክ። ጨው አይጨመርም፣ ከሥጋው የወረደው ይበቃዋል።

ገበታው ላይ

በጣት ውፍረት ቁረጡ። የተፈጨ ድንች የታወቀ ጓደኛው ነው፤ ድንቹን ግን ደሴ ላይ ከምትገምቱት አሥር ደቂቃ ያህል ቀድማችሁ ጣዱት፣ ውኃው በ92 ዲግሪ እየፈላ ቶሎ አይበስልም። ፎሶሊያ በካሮት፣ ጎመን፣ ወይም ሰላጣ በአቼቶ አብሮ ይሄዳል። ቃሪያ ስንግ ደግሞ ከጎኑ ካለ ቅባቱን ያቀልለዋል።

በእንጀራ ይሆናል ወይ የሚል ጥያቄ ይነሣል። ይሆናል፤ ነገር ግን ደረቁን አይደለም። ሥጋው በርከት ካለ መረቅ ጋር ሲቀርብ ነው እንጀራ የሚያነሣው። ለእኔ ምርጫው ትኩስ ዳቦ ነው።

የተረፈው

ከገበታ በተነሣ በሁለት ሰዓት ውስጥ ፍሪጅ ይግባ፤ ኮምቦልቻ ላይ ከዚያም ይፍጠን። ፍሪጅ ውስጥ ሦስት አራት ቀን ይቆያል። ፍሪጅ ከሌለ ለጎረቤት አድሉት፣ አታሳድሩት። ጠዋት ቀዝቃዛውን ስስ አድርጎ ቆርጦ ዳቦ ውስጥ ከቃሪያና ከቲማቲም ጋር ማስገባት ይቻላል። ከዚያ የሚበልጠው ግን መጥበሻ ላይ ያለ ዘይት ሁለቱንም ጎን ጠብሶ፣ በላዩ እንቁላል ሰብሮ መብላት ነው፤ ስቡ ራሱ ይጠብሰዋል። ፍርፋሪው ከተጠራቀመ ከሳልሳና ከነጭ ሽንኩርት ጋር ተቁላልቶ ለፓስታ ሱጎ ይሆናል።

ያልተጋገረውን ልውስ ማስቀመጥ የሚፈልግ ደግሞ በፎይል ጠቅልሎ ፍሪዘር ውስጥ ሁለት ወር ማቆየት ይችላል። የተቀቀለ እንቁላል የተቀበረበት ግን አይሆንም፣ ነጩ ክፍል ሲቀዘቅዝ ላስቲክ ይሆናል። ከመጋገሩ በፊት በነበረው ማታ ወደ ታችኛው ፍሪጅ አውርዱት እንጂ ውጭ አታሟሙት።